ፍሬዛል ቨርብ ምንድን ነው? ትንሿ ቃል የማን ናት?

«ግስ ላይ መስተዋድድ ስትጨምር ፍሬዛል ቨርብ ይሆናል።» ባሕር ዳር ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት በገባሁ ቁጥር ይህችን ቀመር የያዘ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ወረቀት አላጣም። ዝርዝሩ ላይ «ጊቭ አፕ» አለ፣ «ጎ ቱ» አለ፣ «ሊስን ቱ» አለ። ሁሉም አንድ ላይ ታጭቀዋል። ኧረ በሕግ!

ሁለት ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ። «ሺ ራን አፕ ዘ ሂል»፦ ልጅቷ የቤዛዊትን ዳገት በሩጫ ወጣችው። «ሺ ራን አፕ ኤ ቢል»፦ ልጅቷ ጣና ዳር ተቀምጣ ቆሮሶ ጥብሱን፣ ቢራውን በላይ በላዩ እያዘዘች ሂሳቡን ቆለለችው። ግሱ ያው «ራን» ነው። ትንሿም ቃል ያችው «አፕ» ናት። ፍሬዛል ቨርብ ግን ሁለተኛው ብቻ ነው።

በመጀመሪያው «አፕ» የዳገቱ ናት፤ ወዴት እንደተሮጠ ትናገራለች። በሁለተኛው የግሱ ናት፤ ከግሱ ጋር ተጣምራ እንደ አንድ ግስ ትሰራለች፣ ፍሬዛል ቨርብ የሚባለውም ይኸው ጥምረት ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ስሙን በ«ኢት» ተኩት። ለሂሳቡ «ሺ ራን ኢት አፕ» ይባላል፤ «ኢት» መሃል ትገባለች። ለዳገቱ ግን «ሺ ራን አፕ ኢት» ነው። «ሊስን ቱ» እዚህ ላይ ይወድቃል፤ «ሊስን ኢት ቱ» የሚል እንግሊዛዊ ገና አልተወለደም። «ተርን ኦፍ» ያልፋል፦ «ተርን ኢት ኦፍ»። ተሳቢ ከሌለ፣ ለምሳሌ አውሮፕላን «ቴክ ኦፍ» ሲያደርግ፣ ፈተናው አይሰራም።

አንዱ ደግሞ «ትርጉሙ ከሁለቱ ቃላት ካልራቀ ፍሬዛል ቨርብ አይባልም» ብሎ ሙጭጭ አለ። ታዲያ «ድሪንክ አፕ»ን ምን ሊያደርገው ነው? መጠጣቱ ያው መጠጣት ነው። «አፕ» የጨመረችው አንጠፍጥፎ መጨረስን ነው።

የእኛን «ቁጭ አለ» አስቡት። ማንም ምንም አላለም፤ ሁለቱ ቃላት ተጋግዘው እንደ አንድ ግስ ይሰራሉ። መሃላቸው ግን ሌላ ቃል ይገባል፦ «ቁጭ እንኳ አላለም»። «ኢት»ም መሃል የምትገባው እንዲሁ ነው። በእርግጥ ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አይሄድም። በእኛ ዋናውን ትርጉም የያዘው «ቁጭ» ነው፣ የሚረባው፣ ማለትም እንደ ጊዜውና እንደ ባለቤቱ መልኩን የሚቀያይረው፣ ግን «አለ»። በእንግሊዝኛ የሚረባው የፊተኛው ነው። ደግሞም «ቁጭ» መስተዋድድ ሆና አታውቅም፤ «አፕ» ግን ቤዛዊት ላይ እንዳየነው ሁለት ሥራ አላት። ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሉክ አፍተር»ም ፈተናውን አያልፍም። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ግን ፍሬዛል ቨርብ ይሉታል፤ ጥብቅ የሆኑ የሰዋስው ሰዎች ደግሞ በመስተዋድድ የሚሄድ ግስ ነው ብለው ለብቻው ያስቀምጡታል። አስተማሪያችሁ ፍሬዛል ቨርብ ካለው በስሙ አትጣሉት። «ሉክ ኢት አፍተር» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ነጥቡ መሄዱ አይቀርም።