«ዶክተር፣ ለፈንግል ኦክሲ ይስጡኝ» እና ሌሎች የዶሮ ወሬዎች

የምሠራው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ደንበኞቼ ግቢያቸው ውስጥ አምስት ስድስት ዶሮ የሚያረቡ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። እንቁላል ይሰጣጣሉ፣ አውራ ዶሮ ይዋዋሳሉ፣ አንዱ ክፍለ ሀገር ሲሄድ ሌላው ውሃ ይቀዳለታል። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ችግሩ ወሬም ይዋዋሳሉ፤ ወሬው ደግሞ ከዶሮው ይልቅ ቶሎ ይራባል።

ቀላል ቀላሎቹን ቶሎ ልጨርስ።

«አውራ ከሌለ እንቁላል የለም።» አለ እንጂ! አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ጎረቤትዎ አራስ ከሆነች ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚጮህ ባይኖር ይሻላል።

«ሾጣጣው እንቁላል ወንድ፣ ክቡ ሴት ይሆናል።» አይሆንም። ቅርጹ ስለ ፆታው ምንም አይናገርም።

«አስኳሉ የደመቀው እንቁላል ነው ምግብ ያለው።» ድምቀቱ የሚመጣው ከምትበላው ነው። የፈረንጅ የሚሏትን ዶሮ ጎመንና ቢጫ በቆሎ ይስጧት፣ የእሷም አስኳል ይደምቃል።

አሁን ወደ ዋናው። «ዶክተር፣ ለፈንግል ኦክሲ ይስጡኝ።» (ዶክተር አይደለሁም። ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።) በዓል ሲደርስ ይህችን የማልሰማበት ቀን የለም።

ፈንግል የዶሮ በሽታ ነው፤ የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ፈረንጆቹ ኒውካስል ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1926 እንግሊዝ ውስጥ በኒውካስል ከተማ ታይቶ ስሙን ከዚያ አገኘ። «ኦክሲ» የሚሉት ኦክሲቴትራሳይክሊን ደግሞ አንቲባዮቲክ ነው፤ የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ነው። ቫይረሱን አይነካውም። ነጭ ሽንኩርትም፣ ፌጦም፣ ሎሚም፣ አረቄም አይነኩትም። ዶሮዋ በፈንግል ተይዛ አረንጓዴ ከቀዘነች፣ አንገቷ ከተጠማዘዘ፣ አፏን ከፍታ መተንፈስ ካቃታት የሚያድናት መድኃኒት የለም። እኔ ጋ የለም፣ ከኔ ቀጥሎ ያለው ሱቅም የለም። «ባለፈው ኦክሲ ሰጥቻት ድናለች» የሚለኝ አይጠፋም። ወይ በሽታው ፈንግል አልነበረም፣ ወይ ዶሮዋ ተከትባ ነበር፣ ወይ ዕድለኛ ናት። እስከዚያው ግን መድኃኒቱ ያለበትን እንቁላል ልጆችዎ እየበሉት ነው።

ይበልጥ የሚያናድደኝ «የኔ ዶሮዎች ከግቢ አይወጡም፣ ክትባት ምን ይሠራላቸዋል?» የሚለው ነው። እነሱ አይወጡም፤ እርስዎ ግን ይወጣሉ። ቫይረሱ በጫማ ይገባል። በተዋሱት ቅርጫት ይገባል። በእንቁላል ካርቶን ይገባል። ከሁሉም በላይ በበዓል ዶሮ ይገባል።

ሁለት ጎረቤታሞች ደንበኞች አሉኝ፣ ቡና ተጠራርተው የሚጠጡ። የአንደኛዋ ዶሮዎች ከፋሲካ በኋላ አለቁ። ሌላኛዋ ሰሞኑን «ውይ ሲያምሩ!» ብላ ነበርና ዓይኗ ነው ተባለ። ቡናው ቀረ። ጠየቅ ጠየቅ ሳደርግ ለበዓሉ ከሾላ ገበያ የተገዛ አውራ፣ እስኪታረድ ድረስ እዚያው ከዶሮዎቹ ጋር ታስሮ ሰንብቷል። ገበያ ላይ ያ ሁሉ ዶሮ ከየቦታው መጥቶ አንድ ላይ ይታጨቃል። ደግሞ ቤቱ ዶሮ መሞት ሲጀምር የቀረውን ቶሎ አውጥቶ የሚሸጥ ሰው ሞልቷል። ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊወስድ ስለሚችል ሲገዙት ጤነኛ ይመስላል። ዓይን ምን አደረገ?

የበዓሉን ዶሮ ለብቻው አስረው ያቆዩት። ለርቢ የመጣ ከሆነ ሁለት ሦስት ሳምንት ይለዩት፤ ወዳጅዎ በስጦታ የሰጠዎትም ቢሆን። የሞተውን ይቅበሩ እንጂ አስፋልት ዳር አይጣሉ። እጅዎንም ይታጠቡ፤ ቫይረሱ የሰውን ዓይን ያቀላል።

«የክትባቱ ብልቃጥ ለስንት ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ለአምስት ዶሮ ብዬ ልክፈተው?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ከተበጠበጠ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ ለነገ አይቀመጥም። ታዲያ ጎረቤት ለመቼ ነው? ለዕድር የምታዋጡ ሰዎች ለክትባት ማዋጣት እንዴት ያቅታችኋል? ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ውድ አይደለም። ስድስት ሰባት ቤት ሆናችሁ አንዱን ግዙና በአንድ ጠዋት ክተቡ። ስትመጡ በረዶ ያለበት ፔርሙስ ያዙ፤ በኪስ የሄደ ክትባት ውሃ ነው።

ላሶታ የሚባለው የፈንግል ክትባት በመጠጥ ውሃ ይሰጣል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ክትባቱን ስለሚገድለው ንጹህ የጉድጓድ ውሃ ተጠቀሙ፤ ካጣችሁ የቧንቧው ውሃ ላይ ቀድማችሁ ትንሽ የዱቄት ወተት በጥብጡበት። ዶሮዎቹን አንድ ሁለት ሰዓት አስጠሟቸው፣ እንዲጨርሱት። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ዓይን ውስጥ በሚንጠባጠብ ክትባት ይጀምራል፣ ከዚያ ላሶታ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ገደማ። በዓል ሲቀርብ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ኑ። የታመመች ዶሮ አትከትቡ።

ሌላው፣ አልነሳ ያለች ታቃፊ ዶሮን ቁልቁል መስቀል፣ አፍንጫዋን በላባ መውጋት። ዛሬም የሚያደርጉት አሉ። ግፍ ነው። ከስሩ አየር በሚያስገባ የሽቦ ቤት ውስጥ ከምግብና ከውሃ ጋር ሦስት አራት ቀን ያቆዩአት፤ ሆዷ ሲቀዘቅዝ ትተወዋለች። ጎረቤት ቤት ወስዶ ማሰንበት የሚለው የአያቶቻችን ዘዴ ግን ይሠራል፣ መታቀፊያዋን ስታጣ ትረሳዋለች። የጎረቤት ዶሮዎች የተከተቡ ከሆነ ነው ታዲያ።

«ዶሮ ካለኝ እንቁላል በነፃ ነው» የሚሉም አሉ። የሀበሻ ዶሮ ራሷን ችላ ብትለቃቅም በዓመት ከ40 እስከ 60 ነው የምትጥለው። ቦቫንስ የምትባለዋ የፈረንጅ ዝርያ እስከ 300 ትደርሳለች፣ ያውም የእንቁላል ጣይ መኖ በልታ። ፉርሽካ ብቻ እየሰጡ «ዶሮዋ እንቢ አለች» ብለው አይምጡብኝ። በቆሎና የኑግ ፋጉሎ ይጨምሩ፣ የእንቁላል ቅርፊትም አድርቀውና አድቅቀው ይስጧት። «ቅርፊት ከቀመሰች የራሷን እንቁላል ትበላለች» የሚለውን አውቀዋለሁ፤ ለዚህ ነው አድቅቀው ያልኩት።