ከደጃፍ የሚጀምር ፎቶግራፍ

የሚኖሩበትን ከተማ በፎቶግራፍ ማሰስ ማለት ካሜራ ወይም ስልክ ይዞ በየዕለቱ በሚያልፉበት መንገድ በዝግታ መራመድ፣ ዓይን የጣለበትን ማንሳትና ሰንብቶ ወደዚያው ቦታ መመለስ ነው። የሚነሳው ነገር ብርቅ መሆን የለበትም። ቀለሙ የተላጠ በር፣ የደረጃ ጥግ፣ ከዝናብ በኋላ አስፋልት ላይ የተኛ ውሃ ይበቃል። ጎብኚ አንድ ጊዜ አንስቶ ይሄዳል፤ ነዋሪ ግን ያንኑ ጥግ በጠዋትም በማታም፣ በበጋም በክረምትም ያገኘዋል። የዚህ ልማድ ትልቁ ሀብት ይህ መመላለስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ልማዱ የፎቶግራፍን ያህል ዕድሜ አለው። ከፎቶግራፍ ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ሉዊ ዳጌር በ1838 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሥራ ክፍሉ መስኮት ሆኖ አንድ የፓሪስ ጎዳና አነሳ። ምስሉ እስኪቀረጽ ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር በጎዳናው የሚመላለሱት ሠረገሎችና መንገደኞች ምንም ዱካ ሳይተዉ ጠፍተዋል። በታችኛው የግራ ጥግ ግን አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ ጫማውን የሚያስጠርግ ሰው ይታያል። ሊስትሮው ዘንድ ቆም በማለቱ ብቻ፣ በፎቶግራፍ ላይ ከታዩት የመጀመሪያ ሰዎች አንዱ ለመሆን በቃ። ማንነቱን የመዘገበ የለም።

መሣሪያው እየቀለለ ሲመጣ ልማዱ ወደ ብዙኃኑ እጅ ገባ። በ1888 የወጣው የመጀመሪያው ኮዳክ 100 ፎቶ የሚያስነሳ ፊልም ተጭኖበት ይሸጥ ነበር፤ በ1925 ለገበያ የቀረበው ላይካ ደግሞ በሲኒማ ፊልም የሚሠራ፣ ኮት ኪስ ውስጥ የሚገባ ካሜራ ነበር። ዛሬ ያንን ሥራ ስልክ ይሠራዋል።

ይሁንና በዚህ መስክ ከሁሉ በላይ የምንማርበት ሰው ከባድ የእንጨት ካሜራ ተሸክሞ ይዞር የነበረው ኢዩጂን አትጄ ነው። በ1857 የተወለደው አትጄ በወጣትነቱ የመድረክ ተዋናይ ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የድሮዋን ፓሪስ ለመመዝገብ ተነሳ፤ አሮጌዎቹ ሰፈሮች እየፈረሱ ነበርና። እንደ ፊልም በሚያገለግል፣ 18 በ24 ሴንቲ ሜትር በሆነ መስታወት ላይ የሱቅ መስኮቶችን፣ የግቢ በሮችን፣ የደረጃ መደገፊያዎችን፣ የበር ማንኳኪያዎችን ሳይቀር አነሳ። ፎቶዎቹን ለሠዓሊዎች፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለሙዚየሞች እየሸጠ ይኖር ነበር፤ በ1920 ከ2,600 በላይ መስታወቶቹን የፈረንሳይ መንግሥት ገዛው። በ1927 ሲሞት ከተረፈው ሥራ ብዙውን የገዛችው ወጣቷ አሜሪካዊት ፎቶግራፍ አንሺ ቤረኒስ አቦት ናት። እርሷም ወደ ኒው ዮርክ ተመልሳ፣ ዝቅ ያሉት አሮጌ ቤቶች ለሰማይ ጠቀስ ፎቆች ቦታ ሲለቁ ከተማዋን በአትጄ ትዕግሥት አነሳች።

ሩቅ መሄድም ግድ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን ያጣው ፎቶግራፍ አንሺ ዮሴፍ ሱዴክ ፕራግ ውስጥ ከ1940 እስከ 1954 የስቱዲዮውን መስኮት ደጋግሞ አንስቷል፤ በመስታወቱ ላይ ያለው ጤዛና ውርጭ፣ ከውጭ ያለው ጠማማ ዛፍ ዓመታት በቅተውታል። ቪቪያን ማየር ደግሞ በቺካጎ በሞግዚትነት እየሠራች ከ100,000 በላይ ኔጌቲቭ (ፎቶ የሚታተምበት ፊልም) አከማችታ፣ ሥራዋ የታወቀው በ2007 ዕቃዋ በሐራጅ ከተሸጠ በኋላ ነው።

በተግባር ሲታይ ዋናው ጉዳይ ብርሃን ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ግድግዳን ከጎን ስለምታበራ በልስኑ ላይ የሠራተኛው እጅ የተወው መስመር ሁሉ ጥላ ያወጣል፤ በቀትር ያው ግድግዳ ባዶ ይመስላል። እኔ አንድ የደረጃ ግድግዳ ለወራት በየጠዋቱ አንስቻለሁ። ፎቶዎቹን በተርታ ስደረድራቸው የመስኮቱ ፍርግርግ ጥላ ቀስ በቀስ ሁለት ደረጃ ወርዶ አገኘሁት። ፀሐይ ቦታዋን ስትለውጥ በዚያ ደረጃ በየቀኑ እየወጣሁና እየወረድኩ አንድም ቀን አላስተዋልኩም ነበር። ደመናማ ቀንም አይናቅም፤ ጥላው ሲለዝብ ቀለም ይጎላል። በስልክ ለሚያነሳ ሰው የምመክረው ምስሉን በማጉያው ከመሳብ ይልቅ ራሱ በእግሩ እንዲጠጋ ነው፤ አብዛኛው ማጉያ ምስሉን ቆርጦ ስለሚያሰፋው ጥራቱን ይቀንሰዋል።

አንድን ቦታ ከዓመታት በኋላ በትክክል መልሶ ማንሳት ራሱን የቻለ ዘዴ ነው። ከ1977 ጀምሮ ፎቶግራፍ አንሺው ማርክ ክሌትና ባልደረቦቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀያሾች የተነሱትን የአሜሪካ ምዕራብ ቦታዎች ፈልገው ድሮ ካሜራው ከቆመበት ከያንዳንዱ መቆሚያ እንደገና አንስተዋል። መቆሚያው የሚገኘው ቅርብና ሩቅ ያሉ ሁለት ነገሮችን በማስተያየት ነው፦ በአሮጌው ፎቶ የመብራት ምሰሶው ጠርዝ ከሩቁ ጣሪያ ጫፍ ጋር ከገጠመ፣ እስኪገጥም ድረስ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መራመድ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደፊትና ወደኋላ እያሉ መጠኑን ያስተካክላሉ። ወሩና ሰዓቱ ከተመሳሰለ ጥላዎቹም ይገጥማሉ።

ሰውን ማንሳት ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። በ1898 ሁለት ፎቶግራፍ አንሺዎች የጀርመን ቻንስለር የነበረውን የቢስማርክን አስከሬን ቤቱ ገብተው በድብቅ አነሱ፤ የተነሳው ቁጣ ጀርመን በ1907 ሰው የራሱ ምስል ባለመብት መሆኑን በሕግ እንድትደነግግ አበቃት። ሕንፃም ቢሆን ሁልጊዜ ነጻ አይደለም፦ የአይፍል ማማ የሌሊት መብራት ጌጥ በፈረንሳይ የቅጂ መብት የተጠበቀ በመሆኑ፣ ሌሊት የተነሳውን ምስል ለንግድ ለመጠቀም ፈቃድ ያሻል። ሕጉ ቢፈቅድ እንኳ በችግር ላይ ያለን ሰው ወይም የሌላ ሰው ሕፃን ልጅ ሳያስፈቅዱ ማንሳት ነውር ነው።

ፎቶው ከተነሳ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዲጂታል ካሜራ ቀኑንና ሰዓቱን በፋይሉ ውስጥ ይመዘግባል፤ ስልክ ደግሞ ካልተከለከለ የቦታውን መጠቆሚያ ይጨምራል። የመኖሪያ ቤትን የሚያሳይ ምስል ለሌላ ከመላክ በፊት ይህን መጠቆሚያ ማጥፋት ይገባል። የቀረው ሥራ ግን የቦታውን ስምና የቆሙበትን ጥግ በሁለት መስመር ጽፎ፣ ፎቶውን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ማስቀመጥ ነው። አትጄም በመስታወቶቹ ላይ ቁጥር ይጭር ነበር።