ጣርማ በር ላይ ቆሞ ስለ ባሕር ዳርቻ ማውራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ደብረ ሲና ወርደን ቆሎ ስንገዛ ጅቡቲ ከሚመላለስ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ጋር ወሬ ጀመርንና፣ ስለ ባሕር ዳርቻ የተቀናጀ አያያዝ (ዳርቻውን የሚነኩት ሁሉ ተነጋግረው ባንድ ላይ የሚይዙበት አሠራር ነው) እያነበብኩ እንደሆነ ስነግረው ሰውየው በሳቅ ሞተ። "አንተ ልጅ ደብረ ብርሃን ተቀምጠህ ስለ ባሕር? ብርዱ ነው መሰለኝ" አለኝ። እውነት ለመናገር ከዓመት በፊት ቢሆን እኔም እንደሱ ነበር የምስቀው። ከዛ ወዲህ ግን ሰው ሲያወራ የምሰማቸውን ስህተቶች መያዝ ጀመርኩ፣ ግማሹ የራሴም ነበር፣ እዚህ ላስፍራቸው።

"ባሕር የለንም፣ ምን አገባን"

ዋናው ይሄ ነው። ዳርቻ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አሸዋውና ማዕበሉ ነው፤ ሥራው ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን መሬቱንም ውሃውንም ወንዝ ይዞት የመጣውንም አንድ ላይ ነው የሚቆጥሩት፣ ስለዚ ነገሩ የሚጀምረው ከተራራው ጫፍ ነው። እስቲ ጣርማ በር ላይ፣ ከደብረ ሲና በላይ ያለው ተራራ ላይ ቁም። በምዕራብ በኩል የጣለው ዝናብ የበሬሳን ወንዝ ሞልቶ ጀማ ይገባል፣ ጀማ ዓባይ ይገባል፣ ዓባይ ካርቱም ላይ ከነጩ ዓባይ ጋር ተገናኝቶ ሜዲትራኒያን ድረስ ይሄዳል። በምሥራቅ በኩል የጣለው ደግሞ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ አዋሽን ይፈልጋል። የግብፅ ዴልታ የሚባለው ለም መሬት እኮ ለሺህ ዓመታት በዋናነት ከኛ ደጋ በታጠበ አፈር የተሠራ ነው፣ የመርሐቤቴውም የመንዙም የሞረቱም አፈር እዛ ውስጥ አለ። ባሕር አላየንም እንላለን እንጂ ማሳችንስ ደርሷል።

"ወንዝ ሁሉ መጨረሻው ባሕር ነው"

አይደለም። አዋሽ ባሕር አይደርስም፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዛው ይቀራል፣ የሚወጣው በትነት ብቻ ነው። ሹፌሩ ይሄን ስነግረው አላመነኝም፣ ዕድሜ ልኩን አዋሽን እያየ የሚያልፍ ሰው! ስለዚ በኛ ምሥራቅ በኩል ወንዝ ውስጥ የተጣለ ነገር ሁሉ ባሕር ወስዶ የሚያቀልለው አይደለም፣ ከሥር ያለው አፋር ጋ ነው የሚቀረው።

"ደለል ጠላት ነው፣ አለቀ"

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም የገረመኝ ይሄ ነው። ላይ ላለው ገበሬ የታጠበ አፈር ኪሳራ ነው፣ በዚህ ክርክር የለም፤ ከደብረ ሲና በላይ አንዲት ጥድ የሚባለው ቦታ ከማሳ የሚታጠበውን አፈር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እየለኩ የቆዩትም ለዚሁ ነው። ታች ላለው ዳርቻ ግን ደለል ምግብ ማለት ነው። ባሕሩ በማዕበል ዳርቻውን ሲበላ ወንዙ አዲስ አፈርና አሸዋ እያመጣ ይተካ ነበር። ከአስዋን ከፍተኛ ግድብ በፊት በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ይወርድ ነበር፣ ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1964 ውሃ መያዝ ሲጀምር ያ ሁሉ ከግድቡ ጀርባ ቀረ። ከዛ ባሕሩ መብላቱን ቀጠለ፣ የሚተካ የለም፣ ዓባይ ባሕር የሚገባበት የረሺድ ጫፍ ኪሎ ሜትሮች ወደ ኋላ አፈገፈገ። (ማፈግፈጉ እንኳን የጀመረው ቀደም ብሎ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1902ቱ ትንሹ የአስዋን ግድብ ጊዜ አካባቢ፣ ከፍተኛው ግድብ ግን አባባሰው።) አሁን ደግሞ የበሬሳ አፈር ሱዳንም ሳይደርስ ሕዳሴ ሐይቅ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚ በጥርና በየካቲት ለእርከን ሥራ ስንወጣ "ለማን ብለን ነው" የሚል ሰው ካለ፣ ለራሳችን ማሳና ለራሳችን ግድብ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ከመጠን ያለፈ ደለል ኮራል ሪፍ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሳይ ነገር) ላይ ሲያርፍ ያፍነዋል፣ ኮራሉ ብርሃን ያጣል። ያው መጠኑና ቦታው ነው ወሳኙ።

"ግንብ ሠርቶ መገላገል ነው"

ሮቢት ወንዝ ዳር መሬት ያለው ሰው ይሄን ከማንም በላይ ያውቀዋል። አንዱ በራሱ በኩል ድንጋይ በሽቦ አስሮ ይከትራል፣ በሚቀጥለው ክረምት ጎርፉ የጎረቤቱን ማሳ ይዞ ይሄዳል፣ ከዛ ሽምግልና። ባሕርም ላይ ያው ነው። ረሺድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ትልልቅ ግንብ ተሠራ፣ ግንቡ ያለበት ቦታ ቆመ፣ መበላቱ ግን ግንቡ ወዳለቀበት ወደ ጎን ዞረ። ሆላንዶች ሌላ ነገር ሞከሩ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 ዳርቻቸው ላይ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ ባንድ ጊዜ ደፉና ነፋሱና ማዕበሉ ራሱ እንዲያከፋፍለው ለቀቁት። ግንብ በፍጹም አይሠራም ማለቴ አይደለም፣ ወደብ ያለበት ቦታ ምርጫ ላይኖርህ ይችላል፣ ግን ማን ጋ እንደሚገፋው ሳያዩ መሥራት ነው ችግሩ።

"ዩሪያና ዳፕ የማሳዬ ጉዳይ ነው"

ለጤፉ ከልክ በላይ የተበተነ ማዳበሪያ ሁሉን ሰብሉ አይበላውም፣ የተረፈው በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ የሚሲሲፒ ወንዝ ከመሀል አገር የበቆሎ እርሻ የሚያጥበው ናይትሮጅን የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሲገባ አልጌ (ውሃ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር) በጣም ይበዛል፣ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ዓሣው ወይ ይሸሻል ወይ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይሄ የሞተ ውሃ ከ22 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተለክቷል። እንግዲህ ያ ገበሬም ከባሕር በጣም ሩቅ ነው፣ ልክ እንደኛ።

"ይሄ 'የተቀናጀ' ምናምን የፈረንጅ ወሬና ስብሰባ ነው"

ስብሰባ መብዛቱ እውነት ነው፣ እሱን አልከራከርም። ወረቀቱም ብዙ ነው፦ አሜሪካ በ1972 ሕግ አወጣች፣ በ1992 አገሮች ብራዚል ሪዮ ላይ የተስማሙበት አጀንዳ 21 የሚባል ዕቅድ ምዕራፍ 17ን ለዚሁ ሰጠ፣ የሜዲትራኒያን አገሮች ደግሞ በ2008 ማድሪድ ላይ ፕሮቶኮል የሚባል ስምምነት ፈረሙ (ዓመቶቹ በነሱ አቆጣጠር ናቸው)። ፕሮቶኮሉ ውሃው በክረምት ከሚደርስበት ከፍተኛ መስመር 100 ሜትር ውስጥ ግንባታ እንዳይፈቀድ ይላል፣ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም። ሐሳቡ ግን ቀላል ነው፦ ወደቡ፣ ሆቴሉ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ የፍሳሽ ቱቦው ሁሉም የየራሱ መሥሪያ ቤት አለው፣ ዳርቻው ግን አንድ ነው፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ ከሠራ ይጠፋፋሉ። መንዝ ጓሳን አስብ፣ የጋራ የሳር መሬት ነው። ሳሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ስለሚሆን ለመቶዎች ዓመታት ባለመብቶቹ ተስማምተው ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሲደርስ ባንድ ላይ ይከፍቱታል፣ ተደብቆ የገባ ይቀጣል። በኛ አቆጣጠር የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት አፈረሰው፣ ጓሳም ተጎዳ፣ በኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ መልሶ ይዞታል። ይሄንን ማን ፈረንጅ አስተማረን?

"ማንግሮቭ ዝም ብሎ ረግረግ ነው"

ማንግሮቭ ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው፣ ሥሩ ማዕበል ይሰብራል፣ ጥቃቅን ዓሣ ያሳድጋል። ምፅዋ አጠገብ ሕርጊጎ ላይ ጎርደን ሳቶ የሚባሉ ጃፓናዊ አሜሪካዊ ሳይንቲስት አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ዛፉ የሚበቅለው በዝናብ ጊዜ የደጋው ጎርፍ በሚገባበት ቦታ ብቻ ነው። የፈለገው ጨው የሌለውን ውሃ ሳይሆን ጎርፉ ይዞ የሚመጣውን ንጥረ ነገር ነበር። ስለዚ ዩሪያና ዳፕ በላስቲክ ከረጢት አድርገው፣ ከረጢቱን በትንሹ በስተው፣ ከቁራጭ ብረት ጋር ከችግኙ ሥር ቀበሩት። በቀለ፣ ቅጠሉንም ፍየልና በግ በላው። ሹፌሩ ሲስቅ ቆይቶ እዚህ ላይ ነው ዝም ያለው፣ ራሱ ጁሩ ላይ ማሳ አለው። "ዳፑስ ገባኝ፣ ብረቱ ለምንድን ነው?" አለኝ። ብረቱማ የባሕር ውሃ ውስጥ ለዛፉ ከሚያንሱት ነገሮች አንዱ እሱ ስለሆነ ነው፣ ሌሎቹ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ናቸው።