ልብስና ጫማ በደሴ፦ ከሰኞ ገበያ እስከ ልብስ ሰፊው በረንዳ

ደሴ የደቡብ ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባለው ጠባብ ሸለቆ ላይ ተቆርቁራለች። ከኩታበር፣ ከተሁለደሬ፣ ከአምባሰል፣ ከወረኢሉና ከሌሎችም ወረዳዎች ለሕክምና፣ ለፍርድ ቤት ጉዳይ፣ ለትምህርት ወይም ለሠርግና ለለቅሶ ወደ ከተማዋ የሚዘልቅ ሰው፣ የመጣበትን ሲጨርስ ወደ ገበያ ጎራ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ለልጅ የትምህርት ቤት ጫማ፣ ለእናት ነጠላ፣ ለራስ ሹራብ ሳይዙ ወደ ቤት መግባት ከደሴ ባዶ እጅን እንደመመለስ ይቆጠራል። ይህ ዳሰሳ እንዲህ ያለው እንግዳ ሸማች በደሴ፣ በከፊልም በጎረቤቷ በኮምቦልቻ፣ በአቅሙ የሚለብሰውንና የሚጫማውን ከየት እንደሚያገኝ፣ ዋጋውም በምን እንደሚወሰን ያትታል።

ከተማዋ በጎን የምትሰፋበት ቦታ ስላነሳት በዋናው አስፋልት ግራና ቀኝ ረዝማ ነው ያደገችው። ይህ ለገበያተኛው ይመቸዋል፤ ልብስ ቤቶቹ ተከታትለው ስለሚገኙ ዋጋ ለማመሳከር ብዙ መዞር አያስፈልግም። በፒያሳና በዙሪያው አስፋልቱን ተደግፈው የሚገኙት ቡቲኮች የቱርክና የቻይና ልብሶችን በመስታወት ውስጥ ሰቅለው ያሳያሉ፤ የቤት ኪራዩም በልብሱ ዋጋ ላይ ተደምሮ ይጠብቃል። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ሱቁ እየጠበበ፣ ዕቃው ከመስታወት ወደ ሽቦ፣ ከሽቦ ወደ ሸራ ላይ እየወረደ፣ ዋጋውም አብሮ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ያው ሸሚዝ በሁለቱም ቦታ ሊገኝ ይችላል።

የዝቅተኛው ዋጋ ዋና መገኛ ሰኞ ገበያ ነው። ዋናው የገበያ ቀን፣ ስሙ እንደሚለው፣ ሰኞ ሲሆን በዕለቱ ከሱቅ ነጋዴዎች ሌላ መሬት ላይ ሸራ አንጥፈው የሚሸጡና ልብሱን በትከሻቸው ደርድረው የሚዞሩ ይጨመሩበታል። የቀኑ ሰዓት ለዋጋው ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት የመጀመሪያውን ደንበኛ ሳይሸጡለት መስደድ ገድን ያበላሻል ብሎ የሚሰጋ ነጋዴ ብዙ ስለሆነ፣ በማለዳ የደረሰ ሰው በትንሽ ክርክር ሊቀነስለት ይችላል። ረፋዱ ላይ እህሉንና ከብቱን የሸጠው የገጠር ሰው ገንዘቡን ይዞ ወደ ልብስ ተራ ሲገባ ግን ዋጋው ይጠነክራል፤ የሚላላው ሻጮች ሸራቸውን መጠቅለል ሲጀምሩ ነው።

ክርክሩ ራሱ ሥርዓት አለው። ሻጩ «ወላሂ መግዣዬን ነው የነገርኩሽ» ወይም «ማርያምን፣ አላተርፍም» ይላል፤ ገዢዋም «የመጨረሻውን ንገረኝ» ብላ ጥቂት እርምጃ ትሄዳለች። ሻጩ መልሶ ከጠራት ዋጋው ገና አላለቀም ማለት ነው። በወሎ ይህ ሁሉ በለሰለሰ አንደበት የሚካሄድ በመሆኑ፣ የሌላ አገር ሰው ድርድሩ መጀመሩን እንኳ ሳያውቅ ከፍሎ ሊሄድ ይችላል። «ቁርጥ ዋጋ» የሚል ጽሑፍ በለጠፉ ሱቆች ግን መከራከር እምብዛም ውጤት የለውም።

ደሴና ኮምቦልቻ የልብስ መተላለፊያ የሆኑት በመንገዳቸው ምክንያት ነው። ከአሰብ የሚነሳው መንገድ በሚሌና በባቲ አልፎ ኮምቦልቻ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ከሚወስደው ጋር ይገጥማል። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት እስኪነሳ ድረስ አሰብ የአገሪቱ ዋና የገቢ ወደብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ቢዞርም በሚሌ በኩል ወደ ወሎ የሚያስገባው መስመር ሥራ አልፈታም፤ ኮምቦልቻም ደረቅ ወደብ አላት። ስለዚህ በደሴ ሱቅ የተሰቀለ ልብስ ዋጋ ከመርከቡ፣ ከነዳጁና ከውጭ ምንዛሪው ጋር የተሳሰረ ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የአንድ ዓመት ዕድሜ ያለው የዋጋ መረጃ ይዞ ወደ ልብስ ተራ መሄድም ከዚያ ወዲህ የሚያዋጣ አልሆነም።

ሰልባጅ

በውጭ አገር ተለብሶ የመጣ ልብስና ጫማ በገበያው «ሰልባጅ» ይባላል። የሚመጣው ተጨምቆ በታሰረ «ቦንዳ» ሲሆን፣ ቦንዳውም በዓይነት የተለየ ነው፦ የሕፃናት፣ የሴት ሹራብ፣ ጂንስ፣ ካፖርት፣ ጫማ እየተባለ። ነጋዴው ቦንዳውን የሚገዛው ሳይፈታ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ስለሆነ ንግዱ ከዕጣ ብዙ አይለይም። ቦንዳ በተፈታ ዕለት ጥሩ ጥሩው ተለይቶ ይሰቀልና በከፍተኛ ዋጋ ይሸጣል፤ በየቀኑ እየተመረጠ ሲሳሳ የተረፈው መሬት ላይ ተከምሮ በአንድ ዋጋ «ምረጡ፣ አንሱ» ይባልበታል። ርካሽ የሚፈልግ ሰው ክምሩን፣ ረጅም ጊዜ የሚያገለግል ልብስ የሚፈልግ ደግሞ ቦንዳ የሚፈታበትን ቀን ቢጠይቅ ይሻለዋል። ቀኑን ለደንበኛ መንገር ነውር የለውም።

ያገለገለ ልብስን ለንግድ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት የተከለከለ ነው። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የአገር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅና ስፌት እንዳይዳከም መከላከል ነው። በመሆኑም በገበያ ላይ የሚታየው ሰልባጅ በአብዛኛው በኮንትሮባንድ መንገድ የገባ ነው፤ ፍተሻ ሲጠብቅ ይጠፋል ወይም ይወደዳል፣ ደረሰኝ የለውም፣ ወስዶ መመለስም አይታሰብም። ሕጉ እንዲህ ሆኖ ሳለ ሰልባጅ ከደሴ ያልጠፋበትን ምክንያት የሐምሌን ብርድ የቀመሰ ሁሉ ይረዳዋል፦ በተመሳሳይ ገንዘብ ከሚገኘው አዲስ ስስ ጃኬት ይልቅ ያገለገለው ወፍራም ካፖርት የተሻለ ያሞቃል፣ ብዙ ጊዜም ይቆያል።

ሰልባጅ ሲመረጥ ልብሱን ከጥላ አውጥቶ በፀሐይ ማየት፣ ብብቱን፣ የአንገትጌውን ጠርዝና የሱሪውን የጉልበት ቦታ በጣት ወጠር አድርጎ መፈተሽ፣ ዚፑንም ሁለት ሦስት ጊዜ መክፈትና መዝጋት ያስፈልጋል። በመለያው ላይ የተጻፈው ቁጥር እንደየአገሩ ስለሚለያይ ለመጠን ማመን የሚገባው ልብሱን በራስ ልብስ ላይ ደርቦ መለካትን ነው። የተገዛው ሁሉ በፈላ ውሃ ወይም ጨርቁ በሚችለው ያህል በሞቀ ውሃ ታጥቦ፣ ፀሐይ መትቶትና ተተኩሶ ሊለበስ ይገባል፤ ያ የሚታወቀው የቦንዳ ጠረንም በአንድ እጥበት ብቻ አይለቅም።

ጨርቅ፣ ልብስ ሰፊና ጋቢ

ለእንግዳው ሸማች ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት ግን ትልቁ ቁጠባ ያለበት፣ የልብስ ሰፊው በረንዳ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ሱቆች ደጃፍ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ዘርግተው የተቀመጡት ሰፊዎች ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። አንደኛው ከጣቃ ተቆርጦ በሜትር የተገዛን ጨርቅ ሱሪ፣ ጉርድ፣ የተማሪ ደንብ ልብስ ወይም ቀሚስ ማድረግ ነው። ሁለተኛውና ለመንገደኛ የሚመቸው ደግሞ የተገዛን ልብስ ማሳጠር፣ ማስጠበብ፣ ዚፕ መቀየርና ጠርዝ መቀምቀም ሲሆን፣ ቀላሉ ሥራ ገዢው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ያልቃል። ከክምር የወጣ ሰፊ ኮት በትንሽ ሒሳብ ልክ ይሆናል፤ ልኩ ስላልሆነ ማንም የማያነሳው ልብስ ደግሞ ከሁሉ ርካሹ ነው። ልብስ ሰፊ የሚያውቅ ሰው ክምሩን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ወንዶች በሰፊው የሚያሸርጡት ሽርጥም ጠርዙ እዚሁ ይሰፋል።

የሸማ ልብስ የራሱ ስሌት አለው። ጋቢ በአራት ድርብ የሚዘጋጅ በመሆኑ ከነጠላ ይልቅ ብዙ ጥጥና ጉልበት ይጠይቃል። በአሁኑ ጊዜ ድሩ (የቁመቱ ክር) የፋብሪካ፣ ማጉ (የአግድሙ ክር) በእጅ የተፈተለ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ማጉም የፋብሪካ ከሆነ ዋጋው መቀነስ አለበት። ለመለየት ጨርቁን ወደ ብርሃን መዘርጋት ይበቃል፦ የእጅ ፈትል እዚህ ወፈር እዚያ ቀጠን ይላል፣ የፋብሪካው ክር ግን እኩል ነው።

ጫማ

በጫማ ርካሽ መግዛት ከልብስ ይልቅ ይከብዳል። ከቆዳ የሚመስለው አዲስ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ለበስ ሲሆን፣ ከፊት በኩል ሲታጠፍ ከላዩ ይሰነጠቃል፤ እውነተኛ ቆዳ ግን በጣት ሲጫኑት ጥቃቅን ሽብሽቦች አውጥቶ ይመለሳል። ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ ከሆነ የደሴን የክረምት ጭቃ አይችልም፤ ዙሪያውን የተሰፋ መሆኑን ማየት፣ ካልሆነም ገና ሳይጫሙት ወደ ጫማ ሰፊ ወስዶ ማሰፋት ይመከራል። የሰልባጅ ጫማ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የቀድሞው ባለቤት እግር ቅርጽ ውስጡ ስለቀረ በሁለቱም እግር አጥልቆ መራመድ ግዴታ ነው። በገጠር ለእርሻና ለረጅም መንገድ የሚፈለገው ኮንጎ ጫማ፣ ለዝናብ ቦቲ፣ ለቤት ነጠላ ጫማ በሰኞ ገበያ ይገኛሉ፤ ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ደግሞ በዕድሜ ሁሉንም ይበልጣል።

ኮምቦልቻ፣ ባቲና የበዓል ወቅት

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ የሚደርስ ሰው ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ደሴ ላይ የገዛውን ሹራብ እዚያ ያወልቀዋል። የፋብሪካ ከተማ በመሆኗ ልብስ ከፋብሪካው በር በርካሽ ይገኛል ብሎ የሚገምት እንግዳ አይጠፋም። ይህ በአብዛኛው ስህተት ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተቋቋመው ለውጭ ገበያ እንዲያመርት ነው፤ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ማስወጣቷም ይህንኑ ገበያ ጎድቶታል። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም በይበልጥ የሚታወቀው በአንሶላና በፎጣ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች ከአንድ ወር በላይ በህወሓት ኃይሎች ተይዘው በቆዩበት ጊዜ ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና ሱቆች ተዘርፈዋል።

ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ባቲ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት ታዋቂ ገበያ አላት፤ ቀኑ ግን እሱም ሰኞ ነው። ስለዚህ ባቲንና የደሴውን ሰኞ ገበያ በአንድ ጉዞ አዳርሳለሁ ማለት አይቻልም።

የዓመቱን ወቅት በተመለከተ ወሎ ከብዙ አካባቢዎች ይለያል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ስለሚሸምቱ የልብስ ዋጋ ለገና፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ብቻ ሳይሆን ለኢድ አልፈጥርና ለዐረፋም ይወጣል። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር በዓላቱ በየዓመቱ ይቀራረባሉ ወይም ይራራቃሉ፤ በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ኢድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 ውለው ነበር። በመስከረም የትምህርት ቤት ጫማና ደንብ ልብስ ይወደዳል። ቀኑን መምረጥ የሚችል ሰው በዓሉ ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ቢመጣ፣ ነጋዴው ሳይሸጥ የቀረውን ልብስ ለማራገፍ ፈቃደኛ ሆኖ ያገኘዋል፤ የልብስ ሰፊውም በረንዳ ያኔ ወረፋ የለውም።