የኮረኮንች ሞተር ሳይክል በአስፋልት ላይ፦ የመሪ ንዝረትና መቀነሻ መንገዶቹ

የኮረኮንች ሞተር ሳይክል ለጭቃ፣ ለአሸዋና ለድንጋያማ አቀበት የተሠራ ነው። ክብደቱ ቀላል ነው፤ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ነጠላ ሲሊንደር ነው፤ ማርሹ ለጉልበት እንጂ ለፍጥነት አልተመጠነም፤ ጎማው ላይ ትልልቅ ጥርሶች ተደርድረዋል። ከመንገድ ውጭ የሚያስመሰግኑት እነዚህ ባሕርያት አስፋልት ላይ ሲወጣ ሁሉም በመሪው በኩል ወደ አሽከርካሪው መዳፍ ይደርሳሉ። ጥቂት እንደተጓዙ ጣት ይደነዝዛል፣ ክንድ ይዝላል፣ በመስተዋቱ ውስጥ ያለው ምስል ይደበዝዛል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ወፍራም እጀታ ወይም ጓንት ለመግዛት ነው። እጀታ ግን ከመጨረሻዎቹ እርምጃዎች አንዱ ሊሆን ይገባዋል። ንዝረቱ ከየት እንደሚነሣ ሳይለይ የወጣ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ይባክናል።

ንዝረቱ የሚነሣበት ቦታ

በነጠላ ሲሊንደር ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ጫፍ ላይ በደረሰ ቁጥር ይቆማል፣ አቅጣጫውን ይቀይራል፣ እንደገና ይፈጥናል። ፒስተኑን የሚያስቆመውና የሚያስነሣው ኃይል በክራንክሻፍቱ (የፒስተኑን መመላለስ ወደ ዙር በሚቀይረው ዘንግ) አልፎ ሻንሲው ላይ ያርፋል። በተቃራኒ አቅጣጫ እየተመላለሰ የሚያካክሰው ሌላ ፒስተን የለም። ክራንክሻፍቱ ላይ የሚገኘው ማካካሻ ክብደት የኃይሉን ከፊል ይሽራል፤ ይሁንና ክብደቱ የሚሽከረከር እንጂ የሚመላለስ ባለመሆኑ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን ንዝረት ሲቀንስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚገፋ ሌላ ንዝረት ይፈጥራል። መሐንዲሱ በዚህ ክብደት ንዝረቱ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚበዛ ይመርጣል እንጂ ጨርሶ ሊያጠፋው አይችልም።

ከዚህ የተሻለው መፍትሔ ከክራንክሻፍቱ ጋር በእኩል ፍጥነት፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞር ማካካሻ ዘንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ገበያ ላይ የዋለው ያማሃ ኤክስቲ 500 ይህ ዘንግ አልነበረውም፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የመጣው ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ግን ሁለት ዘንጎች ይዞ ነው የቀረበው። በባለ ሁለት ምት ሞተሮች (ፒስተኑ አንዴ በወጣና በወረደ ቁጥር ነዳጅ በሚያቃጥሉት) ዘንድ ደግሞ ኬቲኤም ለ250 እና ለ300 የኤንዱሮ (የረጅም የኮረኮንች ውድድር) ሞተሮቹ ማካካሻ ዘንግ የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ሞዴሎቹ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ስለ ንዝረት ምክር ሲሰጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሞተሩ ዓይነት ነው። ማካካሻ ዘንግ ላለው ሞተር የሚበቃው ማስተካከያ ለሌለው አይበቃም።

ሊዘነጋ የማይገባው ሕግ፣ ይህ ኃይል የሚያድገው በዙሩ ካሬ መሆኑ ነው። ሞተሩ በደቂቃ ከ4,000 ዙር ወደ 8,000 ሲወጣ ዙሩ በእጥፍ፣ የሚያነዝረው ኃይል ግን በአራት እጥፍ ይጨምራል። መንደር ውስጥ ሲነዳ ምንም ያልተሰማው ሰው ዋና መንገድ ላይ እጁ የሚደነዝዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ጎማ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር ሳይክል በሴኮንድ 25 ሜትር ያቋርጣል። የጎማው ጥርሶች በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተደረደሩ ቢሆኑ በየሴኮንዱ 500 ጥርሶች አስፋልቱን ይመታሉ ማለት ነው። አፈር ላይ ጥርሱ ወደ መሬቱ ይሰምጣል፤ አስፋልት ግን አይሸሽም፣ ስለዚህ ምቱ ተመልሶ በፎርኬላው (የፊት ጎማውን በያዘው ሹካ) በኩል ይወጣል። ፎርኬላው ለጉድጓድና ለዝላይ የተሠራ በመሆኑ እንዲህ ያለውን ጥቃቅንና ፈጣን ምት በሚገባ አይውጠውም።

ከጥርሱ በተጨማሪ የጎማው ሚዛን አለ። ብዙ የኮረኮንች ሞተር ሳይክሎች በዝቅተኛ አየር ሲነዱ ጎማው ቸርኬው ላይ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ማጥበቂያ በአንድ በኩል ይገጠምላቸዋል። ይህ ቁራጭ አንዱን ጎን ያከብደዋል። የ21 ኢንች የፊት ጎማ ዙሪያው ወደ 2.2 ሜትር ስለሚጠጋ፣ በዚያው 90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሴኮንድ 11 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ከባዱ ጎንም በዚያው ልክ መሪውን ይነቀንቀዋል።

ምንጩን መለየት

ሦስቱ የሚሰጡት ስሜት የተለያየ ነው። የጎማ ሚዛን መዛባት በግልጽ የሚቆጠር ዝግ ያለ መንቀጥቀጥ ነው፤ የሞተሩ ጣትን የሚያሳክክ ድንዛዜ ነው፤ የጎማ ጥርስ ደግሞ በጆሮም የሚሰማ ቀጣይ እምምታ ነው። በስሜት ብቻ መተማመን የማይፈልግ ሰው ቀጥ ባለና ባዶ መንገድ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀይር ማርሽ አንድ ደረጃ ከፍ፣ ቀጥሎም ዝቅ ያድርግ። ንዝረቱ ከማርሹ ጋር ከተለዋወጠ ምንጩ ሞተሩ ነው። ካልተለወጠ ፍሪሲዮን ይዞ ሞተሩ ወደ ዝቅተኛ ዙር እንዲወርድ ይተወው፤ ያኔም ከቀጠለ ጥፋቱ የጎማዎቹ ነው። ፍተሻው ምንም ወጪ የለውም፤ እጅግ ብዙ የተሳሳተ ግዢም ያስቀራል።

ከዚያ በፊት ግን ብሎኖቹ ሊፈተሹ ይገባል። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች፣ በተለይም የሲሊንደሩን ራስ የሚደግፉት፣ ጥቂት ሲላሉ ንዝረቱ በግልጽ ይጨምራል። አምራቹ ባዘዘው ልክ፣ የማጥበቂያ ኃይል በሚለካ ቁልፍ መጥበቅ አለባቸው። የመሪ ማሰሪያዎች፣ የፎርኬላው አንገት ኩሽኔታ፣ የጎማ ኩሽኔታዎችና የቸርኬው ሽቦዎችም በዚያው ይታያሉ። የፊት ጎማ ወልቆ ከተገጠመ በኋላ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፦ የፊት አክሱሉን የሚቆነጥጡት ብሎኖች ከመጥበቃቸው በፊት የፊት ፍሬን ተይዞ ፎርኬላው ጥቂት ጊዜ ወደ ታች መጫን ይኖርበታል። አለበለዚያ ሁለቱ እግሮች ተጣመው ይታሰሩና ፎርኬላው በነፃነት አይሠራም። ካቴናውም ከመጠን በላይ ከተወጠረ ከኋላ ያለውን ምት ሁሉ ወደ ሻንሲው ይነዛዋል፤ የኋላው አሞርዛተር ሲጨመቅ ካቴናው እንደሚወጠር አስቦ የተፈቀደለትን ልቅነት መተው ያስፈልጋል።

ከምንጩ መቀነስ

ምንጩ ሞተሩ ከሆነ፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ማስተካከያ የካቴና ጥርሶቹን (ካቴናው የሚዞርባቸውን ባለ ጥርስ ክቦች) መቀየር ነው። ፊት 13፣ ኋላ 50 ጥርስ ባለው ሞተር ሳይክል ላይ የፊቱ በ14 ቢተካ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት የሞተሩ ዙር 7 በመቶ ያህል ይወርዳል። ቀድሞ በ7,000 ዙር የሚጓዘው በ6,500 ይጓዛል። ኃይሉ በካሬ ስለሚያድግ ግን የንዝረቱ ኃይል የሚቀንሰው 14 በመቶ ገደማ ነው። የፊቱ ጥርስ በርካሽ የሚገኝና በቀላሉ የሚለወጥ ስለሆነ፣ ወደ ገጠር መንገድ ሲመለሱ አሮጌውን መልሶ መግጠም ይቻላል። ዋጋው ግን በአቀበትና በዝግታ ጉዞ ይከፈላል፦ አንደኛ ማርሽ ይረዝማል (ማለትም በዝግታ ሲነዳ ጉልበቱ ያንሳል)፣ ፍሪሲዮንም በጠባብ መንገድ ላይ ብዙ ይሠራል። ከመጠን በላይ ማስረዘምም ጥቅም የለውም፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየተጨነቀ ሲጎትት ሌላ ዓይነት፣ ካቴናውን የሚያስደልቅ መንቀጥቀጥ ያመጣል።

ጎማ ላይ ሲመጣ፣ ጥርሶቹ ተቀራርበው የተደረደሩና ለአስፋልትም ለአፈርም የሚሆን ጎማ መግጠም ከማንኛውም እጀታ ይበልጣል። በሚጓዙበት መንገድ ላይ የተፈቀደ ጎማ መሆኑም መረጋገጥ አለበት። አየሩ ለአፈር ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ተደርጎ ከነበረ አስፋልት ላይ ያንሳል፤ ጎማው ይሞቃል፣ መሪውም ይዋልላል። የጎማው አምራች ለመንገድ ወዳዘዘው ልክ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ መንፋት ግን ንዝረቱን ያባብሰዋል። ማጥበቂያ ያለበት ጎማ ከማጥበቂያው ተቃራኒ ባሉት የቸርኬ ሽቦዎች ላይ ክብደት ታስሮ ሚዛኑ ይስተካከላል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ በነፃ ማዞር ይበቃል፤ ሁልጊዜ አንዱ ጎን ከታች የሚቆም ከሆነ ከባዱ እሱ ነው።

መሪው

መሪ የራሱ ተፈጥሯዊ ምት (ሲነካ በራሱ የሚነዝርበት ፍጥነት) አለው፤ የሞተሩ ምት ከዚያ ጋር ሲገጣጠም ንዝረቱ ይጎላል። አንድ ሞተር ሳይክል በተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ አስቸግሮ ከዚያ በታችና በላይ ዝም የሚለው በዚህ ነው። በመሪው ጫፎች ላይ ክብደት ሲጨመር ይህ ምት ወደ ዝቅተኛ ዙር ይወርዳል፤ ማለትም አስቸጋሪው ቦታ ብዙ ጊዜ ከሚጓዙበት ፍጥነት ይርቃል። ጫፍ ላይ የሚታሰር የብረት የእጅ መከላከያም ይህንኑ ሥራ በከፊል ይሠራል። አንዳንዶች የመሪውን ባዶ ቱቦ በእርሳስ ብረት ጥቃቅን ፍሬና በሲሊኮን፣ ወይም ለዚሁ በተሠራ የላስቲክ ዘንግ ይሞሉታል። ይህ ክብደት ከመጨመር ባሻገር ንዝረቱን በውስጡ ያበርደዋል፤ በምላሹ መሪው ይከብዳል።

በመሪውና በፎርኬላው የላይኛ ማሰሪያ መካከል የሚገባ የላስቲክ መቀመጫም አለ። ላስቲክ ንዝረትን የሚቀንሰው የንዝረቱ ምት ከራሱ ተፈጥሯዊ ምት 1.4 ጊዜ በላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያጎላዋል። ስለዚህ ለስላሳ የሆነው መቀመጫ ንዝረትን ይበልጥ ያግዳል፣ ነገር ግን መሪውን ያላላል። ከመንገድ ውጭም ለሚነዳ ሰው መካከለኛ ጥንካሬ ያለውን እመርጥለታለሁ። ላስቲኩ በጊዜ ብዛት ስለሚሰነጠቅ በየጊዜው ይታያል።

እጅ

ጓንትና እጀታ ከሁሉም በኋላ የመጡት በምክንያት ነው። ንዝረት የሚቀንሱ የሚባሉ ጓንቶች ዋና ጥቅማቸው በሴኮንድ ከ150 ምት በላይ ባለው ንዝረት ላይ ነው፤ ጣትንም ከመዳፍ ያነሰ ይጠብቃሉ። በ6,000 ዙር የሚሠራ ሞተር በሴኮንድ 100 ጊዜ ነው የሚነዝረው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጓንት የጎማውን እምምታ ሊቀንስ ይችላል፣ የሞተሩን ድንዛዜ ግን ብዙም አይነካውም። በጣም የወፈረ እጀታ ደግሞ እጅ አጥብቆ እንዲይዝ ያስገድዳል። አጥብቆ መያዝ ራሱ ንዝረቱን ወደ ክንድ ያሻግራል። ታንኩን በጉልበት ጨብጦ፣ ክርን አላልቶ፣ እጅን መሪው ላይ አሳርፎ መንዳት ከብዙ ዕቃ ይበልጣል። የነፋስ ግፊት ደረትን ወደ ኋላ ሲገፋ ሰው ሳያውቀው መሪውን ይጎትታል፤ ትንሽ የነፋስ መከለያ በዚህ በኩል ትረዳለች።

የሚደነዝዘው ጣት የትኛው እንደሆነም መረጃ ነው። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ከሆኑ የእጅ አንጓው ታጥፎ በውስጡ የሚያልፈው የመሐለኛው ነርቭ እየተጨነቀ ሊሆን ይችላል፤ መሪውን ጥቂት ማዞርና የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎቹን ከክንድ ጋር እንዲስተካከሉ ዝቅ ማድረግ ይረዳል። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ከሆኑ ክብደት የመዳፉ ውጫዊ መሠረት ላይ አርፏል ማለት ነው።

ነገሩ ምቾት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1918 ሐኪሟ አሊስ ሃሚልተን በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ቤድፎርድ ከተማ፣ በአየር ግፊት መዶሻ ድንጋይ የሚጠርቡ ሠራተኞች ጣታቸው በብርድ ጊዜ ነጭ ሆኖ እንደሚደነዝዝ መዝግባለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው መመሪያ ለሠራተኞች እጅ ላይ የሚደርሰው ንዝረት በስምንት ሰዓት ስሌት 2.5 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ሲደርስ እርምጃ እንዲወሰድ፣ 5 ደግሞ እንዳይታለፍ ይደነግጋል። በዚያ ስሌት መሠረት ንዝረቱ በግማሽ ሲቀንስ ለተመሳሳይ የተጋላጭነት መጠን የሚፈቀደው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ከጉዞ በኋላ ሰዓታት የሚቆይ ድንዛዜ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ የጣት ሕመም ወይም በብርድ ነጭ የሚሆን ጣት ያለበት አሽከርካሪ ማስተካከያውን አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።