የውሃ ዲካል ምንድን ነው? ለሞዴል ሮኬትስ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

በደንብ የተሠራ ሞዴል ሮኬት ስታዩ ገላው ላይ ያሉት ፊደላት፣ ቁጥሮችና ባንዲራዎች በብሩሽ የተሳሉ ይመስላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዲካል ናቸው። ዲካል ማለት በጣም ስስ በሆነ ፊልም ላይ የታተመ ምስል ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲነከር ከወረቀቱ ይላቀቅና ሮኬቱ ላይ ተንሸራቶ ይቀመጣል፣ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ከስቲከር ጋር አታምታቱት። ስቲከር የራሱ ውፍረት አለው፣ ጠርዙ በጣት ይዳሰሳል፣ ቀጭን ቱቦ ላይ ሲጠቀለል ደግሞ ጫፉ ውሎ አድሮ ይነሳል። ዲካል ግን ከላዩ ቫርኒሽ ከተነፋበት በኋላ ጠርዙ የት እንደሆነ መለየት ራሱ ይቸግራል።

የዲካል ወረቀት ሦስት ንብርብር አለው። ከታች ውሃ የሚመጥ ተራ ወረቀት፣ መሃል ላይ ውሃ ሲነካው የሚሟሟ ሙጫ፣ ከላይ ውሃ የማይበግረው ስስ ፊልም። እኛ የምናትመው ፊልሙ ላይ ነው። ውሃው በጀርባ በኩል ገብቶ ሙጫውን ሲያሟሟው ፊልሙ ምስሉን እንደያዘ ይለቃል፣ ከሥሩ የቀረችው ትንሽ ሙጫ ደግሞ ሮኬቱ ላይ እንዲይዝ ትረዳዋለች። ለዚህ ነው ውሃ ውስጥ ረስታችሁ የተዋችሁት ዲካል በኋላ አልይዝ የሚለው፤ ሙጫው ታጥቦ ሄዷል።

ዝግጁ ኪት፣ ማለትም የሮኬቱ ክፍሎች ተሟልተው የሚሸጡበት ሳጥን፣ ሲገዛ ዲካሉ አብሮ ይመጣል፣ ታዲያ ለምን እንለፋለን? አንደኛ፣ ራሳችሁ ለነደፋችሁት ሮኬት ማንም ዲካል አያትምላችሁም። ሁለተኛ፣ ምርቱ የቆመ የድሮ ኪት ስታገኙ ዲካሉ ቢጫ ሆኖ ወይም ውሃ ሲነካው ብትንትን የሚል ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ። ሦስተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው፤ ትንሽ ሮኬትን አሳድጎ መሥራት። ለምሳሌ ቢቲ 50 በሚባለው 24.8 ሚሊሜትር ቱቦ የተሠራን ሮኬት ወደ ቢቲ 60፣ ማለትም ወደ 41.6 ሚሊሜትር ስታሳድጉት ሁሉም ነገር 1.68 ጊዜ ያድጋል፣ ዲካሉም እንደዚያው። ያንን መጠን ሱቅ ውስጥ አታገኙትም።

ልኩ ከመጀመሪያው በትክክል መያዝ አለበት። ቱቦውን ዞሮ የሚገጥም መስመር ከፈለጋችሁ ዲያሜትሩን በ3.14 አባዙ፤ ለቢቲ 60 ወደ 131 ሚሊሜትር ይመጣል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ቱቦው ትንሽ ስለሚወፍር ግን ወረቀት ጠቅልሎ መለካት ይሻላል። ንድፉን እንደ ኢንክስኬፕ ባለ የቬክተር ፕሮግራም ሥሩት፣ ሲያድግም ሲያንስም ጠርዙ አይበላሽም። መጀመሪያ በተራ ወረቀት አትሙ፣ ቆርጣችሁ ሮኬቱ ላይ በፕላስተር ያዙት፣ ራቅ ብላችሁ እዩት። ስክሪን ላይ ትልቅ የመሰለ ፊደል ሮኬቱ ላይ አንሶ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ነው። ምስሉን መገልበጥ አያስፈልግም፤ ፊልሙ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚንሸራተተው።

ወረቀቱን ስትገዙ ከፕሪንተራችሁ ጋር መሄዱን አረጋግጡ። የሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን፣ ማለትም ዱቄት ቀለሙን፣ በሙቀት ነው የሚያጣብቀው፤ ለኢንክጄት የተሠራ ወረቀት ብታስገቡበት ፊልሙ ቀልጦ ውስጡ ሊጠቀለል ይችላል፣ ፕሪንተሩንም ይገድለዋል። ሌዘር አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ቶነር ፕላስቲክ ስለሆነ ውሃ አያስለቅቀውም። የኢንክጄት ቀለም ግን ብዙውን ጊዜ ውሃ ላይ የተመሠረተ ነው፣ ሳይሸፈን ከነከራችሁት ምስሉ ዓይናችሁ እያየ ይፈሳል። ስለዚህ ካተማችሁ በኋላ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ አድርቁትና ቀለም አልባ አክሪሊክ ስፕሬይ ንፉበት። ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በስሱ፣ በየመሃሉ እያደረቃችሁ። የመጀመሪያው ዙር ከበዛ ራሱ ስፕሬዩ ቀለሙን ያስኬደዋል፣ በጠቅላላው ካወፈራችሁት ደግሞ ዲካሉ ደረቅ ይልና ክቡ ቱቦ ላይ አልታጠፍ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ገጽ አትሞ ቅር የሚለው እዚህ ጋ ነው። የቤት ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም። ወረቀት ላይ ነጭ ሆኖ የምታዩት ወረቀቱን ራሱን ነው። ትራንስፓረንት (ብርሃን አሳላፊ) ፊልም ላይ ስታትሙ ነጩ ቦታ ባዶ ይሆናል፣ ሌሎቹም ቀለሞች ብርሃን ያሳልፋሉ። ቢጫ ፊደል ጥቁር ሮኬት ላይ ለጥፉ፣ ይጠፋል። ቀይ ሰማያዊ ላይ አድርጉት፣ የደፈረሰ ጥቁር ነገር ይሆናል።

መውጫው ሦስት አራት መንገድ ነው፣ የትኛውም ፍጹም አይደለም። ቀላሉ ሮኬቱን ነጭ ወይም በጣም ፈካ ያለ ቀለም መቀባትና ትራንስፓረንቱን መጠቀም ነው። ለጀማሪ ያለማመንታት ይህን ነው የምመክረው። ሁለተኛው ነጭ መደብ ያለው የዲካል ወረቀት ነው፤ ቀለሙ ደምቆ ይወጣል፣ ግን ምስሉን ልክ ጠርዙ ላይ መቁረጥ ግድ ነው፣ አለዚያ ነጭ ዳር ይቀራል። ለክብ አርማና ለባንዲራ ጥሩ ነው፣ ለቀጫጭን ፊደል ግን መከራ ነው። የተቆረጠው ጠርዝ ላይ የኢንክጄት ቀለሙ ለውሃ ስለሚጋለጥም ዳሩን እንደገና በስሱ ማሸግ ይጠቅማል። ሦስተኛው ሮኬቱ ላይ መጀመሪያ ነጭ ቅርጽ ቀብቶ ዲካሉን ከላዩ ማስቀመጥ ነው፤ እጅ የረጋለት ሰው ያምርለታል። ድሮ አልፕስ የሚባሉት የጃፓን ፕሪንተሮች ነጭና ብርማ ቀለም ያትሙ ስለነበር የሞዴል ሰዎች እስከ ዛሬ ያነሷቸዋል፣ ምርታቸው ግን ቆሟል። ነጭ ቶነር ያላቸው ሌዘር ፕሪንተሮች አሁንም አሉ፤ ለቤት ግን ዋጋቸው ከባድ ነው። ጥቁር ሮኬት ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ከፈለጋችሁ ደግሞ ዲካሉን ተዉትና በማሽን የተቆረጠ ስስ ቪኒል (የሚለጠፍ ፕላስቲክ) ፈልጉ።

ሁሉንም በዲካል ለመሥራት መሞከርም አያስፈልግም። ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደውን ሳተርን 5ን ውሰዱ፤ እውነተኛው 110.6 ሜትር ነበር፣ በ1፡100 ሲሠራ 1.1 ሜትር ገደማ ይሆናል። ገላው ላይ ያሉት ትልልቅ ጥቁር መደቦች ሮኬቱ ሲበር በራሱ ዙሪያ መዞሩን ከሩቅ ለማየት የተቀቡ ናቸው። እነሱን በማስኪንግ ቴፕ ሸፍናችሁ ቀቡ፣ ዲካሉን ለቀያዮቹ ፊደላትና ለባንዲራው አስቀሩት። ሰፊ ዲካል አየር ይይዛል፣ ይሸበሸባል። ሹሉ አፍንጫ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ጠፍጣፋ ፊልም በሁለት አቅጣጫ የሚጎብጥ ነገር ላይ ሳይታጠፍ አይተኛም።

ሮኬቱ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ መሆን አለበት። ሸካራ ወይም ደብዛዛ ቀለም ላይ ከተለጠፈ ከፊልሙ ሥር አየር ይቀርና ብርማ ጥላ ይታያል፤ ሞዴል ሠሪዎች ሲልቨሪንግ የሚሉት ይህን ነው። የካርቶን ቱቦ ጥምዝምዝ መስመሮችም በዲካሉ በኩል ይወጣሉ፣ ስለዚህ ከቀለም በፊት ተሞልተው በብርጭቆ ወረቀት ይለስልሱ። ደብዛዛ ሮኬት ከፈለጋችሁም መጀመሪያ አብረቅራቂ ቀቡ፣ ዲካሉን ለጥፉ፣ ደብዛዛውን ቫርኒሽ መጨረሻ ላይ ንፉ።

ሲለጠፍ፦ ዙሪያውን አንድ ሁለት ሚሊሜትር ትራንስፓረንት ትታችሁ ቁረጡ፣ ማዕዘኑን ክብ አድርጉት። በወረንጦ ይዛችሁ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ንከሩት፣ አውጡትና ፊልሙ በራሱ እስኪለቅ ጠብቁ። በግድ አትላጡት። ሮኬቱን በጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በተነካ ውሃ አርጥቡት፣ ዲካሉን ከወረቀቱ ላይ ወደ ገላው አንሸራቱት። እርጥብ እስካለ ድረስ ትገፉታላችሁ፣ ታስተካክላላችሁ። ቦታውን ሲይዝ ከመሃል ወደ ዳር በእርጥብ ጥጥ ውሃውን አስወጡ። ክንፉ ከገላው የሚገናኝበት ላይ አልተኛ ካለ እንደ ማይክሮ ሶል ያለ ማለስለሻ ፈሳሽ ፊልሙን ያላላዋል፣ ግን ከቀባችሁት በኋላ እጃችሁን አንሱ፤ በዚያች ሰዓት የተነካ ዲካል ይቀደዳል።

ሲደርቅ በዙሪያው የቀረውን ሙጫ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ካልተጠረገ ከቫርኒሹ ሥር ቢጫ ሆኖ ይቀራል። በሚቀጥለው ቀን የመጨረሻውን ቫርኒሽ በስሱ ንፉ። አንዳንድ ስፕሬይ አንዳንድ ቀለምንና ፊልምን ያኮማትራል፤ ስለዚህ ስታትሙ ከእያንዳንዱ ምስል ትርፍ አትሙ፣ አንዱን ተመሳሳይ ቀለም በተቀባ ቁራጭ ቱቦ ላይ ለጥፉና ስፕሬዩን መጀመሪያ እሱ ላይ ሞክሩት።