ደረቅ በረዶ ምንድን ነው? ልጆችን ሳይንስ ለማስተማርስ እንዴት ይጠቅማል?

ደረቅ በረዶ ውኃ የለበትም። የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ስንተነፍስ የምናስወጣው፣ ጠላ ሲፈላም የሚወጣው ጋዝ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ አይቀልጥም፤ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ጋዝ ይሆናል። ይህ ለውጥ ሰብሊሜሽን ይባላል።

የደብረ ብርሃን ልጅ የዚህን ግልባጭ ያውቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ሣሩን የሚያነጣው ውርጭ በአብዛኛው ከአየሩ እርጥበት በቀጥታ የጠጠረ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከውርጭ ጀምሩ። 100 ግራም ያህል የተፈረከሰ ደረቅ በረዶ ደረቅ ጣሳ ውስጥ ጨምሩ፤ አትክደኑት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጣሳው በውጭ በኩል ይነጣል። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ከዘገየ ልጆቹ ሳይነኩት እፍ ይበሉበት። ከውስጥ ጠጣሩ ጋዝ ሲሆን፣ ከውጭ የአየሩ እርጥበት ጠጣር ሲሆን በአንድ ጣሳ ይታያል። ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ልጆች የሚወዱት ግን ጭጋጉን ነው። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አንድ ቁራጭ ሲጨመር ነጭ ጭጋግ ይንፎለፎላል። ብዙ ሰው ጭጋጉን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለዋል፤ ስህተት ነው። ጋዙ አይታይም፤ ነጩ ነገር የቀዘቀዘ የውኃ ብናኝ ነው። ጭጋጉ ቶሎ ከቆመ ውኃው ቀዝቅዟል፣ ቁራጩንም በረዶ ሸፍኖታል፤ ውኃውን ለውጡ።

ለፊኛ 5 ግራም ይበቃል። ቁራጩን የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ከትታችሁ ፊኛውን አፉ ላይ ግጠሙ። በባሕር ወለል ከፍታ 2.7 ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነችና የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ፣ ያው 5 ግራም እዚያ ከ3.5 ሊትር ይበልጣል። ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ጥሩ ስሌት ይወጣዋል።

በባዶ እጅ አይነካም፣ ቆዳ ያቃጥላል፤ ወፍራም ጓንትና ጉጠት ያስፈልጋል፣ የሚይዘውም አዋቂ ብቻ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ በክዳን መዝጋት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ይፈነዳል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ብርድ ቢሆንም መስኮት ይከፈት፣ ትንንሾቹም ወለል ላይ አይቀመጡ። በመኪና ሲጓጓዝም መስኮቱ ክፍት ይሁን። የሚያዘው በፎም ሳጥን ነው፤ ክዳኑ ግጥም ተደርጎ አይታሸግ። የቤት ፍሪጅ ቅዝቃዜው ስለማይበቃ አያቆየውም።

ካልተገኘ የዳቦ ሶዳና አቼቶ ያንኑ ጋዝ ይሰጣሉ። ሻማ ማጥፋቱን ያሳያሉ፤ ውርጩን ግን አያሳዩም።